ትልቁ ላንድ ክሩዘር መተማ ወረደ

አዲስ አበባ ውስጥ «ቪ ኤይት» ሲባል ሰው የሚያስበው ስለ ሞተር አይደለም። ቃሉ በመሠረቱ ስምንት ሲሊንደሮች በፈረንጆች «ቪ» ፊደል አምሳል አራት አራት ሆነው የተሰደሩበት ሞተር ማለት ነው፤ በአገራችን ሰው አፍ ግን ባለሥልጣን፣ ስብሰባና ጥቁር መስተዋት ማለት ሆኖ ቀርቷል። እኔም እስከ 2007 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ድረስ ይህን መኪና የማውቀው ከውጭ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ከኋላዬ መጥቶ መንገድ ልቀቅ ሲለኝ ነው።

በዚያ ወር አንድ ነጋዴ ወዳጄ ሰሊጥ ሊገዛ በጭነት መኪና ቀደም ብሎ ወደ መተማ ወርዶ ነበር። ጉዳዩ ሲረዝምበት ስልክ ደወለና «መኪናዬን አምጣልኝ፤ ጥቂት ቀን እርሻ ለእርሻ ከዞርንበት በኋላ አንተው መልሰህ ትወስደዋለህ፤ እኔ ከጎንደር በአይሮፕላን እገባለሁ» አለኝ። መኪናው በእጄ የቆየው 12 ቀን ነው። በነዚህ ቀኖች 2,160 ኪሎ ሜትር ነዳሁት፤ አስፋልቱን፣ ኮረኮንቹን፣ ጭቃውንና ጭራሽ መንገድ ያልሆነውን ሁሉ አሳየሁት። ስለዚህ ከሻጭ ቤት አውጥተው ቦሌን አንድ ጊዜ ዞረው ስለ መኪና ከሚፈርዱት ሰዎች ይልቅ ለመናገር ጥቂት መብት ያለኝ ይመስለኛል።

ላንድ ክሩዘር ዘሩ የቆየ ነው። ቶዮታ የመጀመሪያውን በ1943 ዓ.ም. ሲሠራ፣ በአሜሪካው ጂፕ አምሳል የወጣ ደረቅ የሥራ መኪና ነበር፤ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘውም ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ ዘር ኋላ ሁለት ወገን ወጣ። አንደኛው በገጠራችን ሁሉ የሚታወቀው፣ በጤና ጣቢያና በእርዳታ ድርጅት በር ላይ የሚቆመው፣ ያልተኳኳለው ባለ 70 ቁጥር ነው። ሁለተኛው እየሰፋ፣ እየከበደና እየተሸለመ ሄዶ የወዳጄን መኪና የመሰለ ሆነ፤ ቁጥሩ 200 ይባላል። ይህ 200 አራት ሊትር ተኩል የሆነ፣ ባለ ሁለት ቱርቦ የናፍጣ ሞተር አለው። ርዝመቱ ከአምስት ሜትር በአምስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ያንሳል፤ ወርዱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ክብደቱ ባዶውን 27 ኩንታል ያህል ነው። ሁለቱ የነዳጅ ጋኖች አንድ ላይ 138 ሊትር ይይዛሉ። ማርሹን ራሱ ይቀያይራል፤ አራቱም ጎማዎች ሁልጊዜ ይጎትታሉ፤ ለክፉ ቀን ደግሞ ዝቅተኛ ማርሽና የመካከለኛው ዲፈረንሻል መቆለፊያ አለው። ቶዮታ በ2013 ዓ.ም. 300 በሚባለው ሲተካው ስምንቱን ሲሊንደር ወደ ስድስት አወረደው፤ «ቪ ኤይት» የሚለው ስም ግን ከሰው አፍ አልወረደም።

እስከ ጎንደር ያለውን ረጅም መንገድ በአጭሩ ልለፈው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ማርሹን በእጅ ዝቅ አድርጎ ሞተሩ እንዲይዝ ማድረግ ይገባል፤ 27 ኩንታል ቁልቁል ሲሄድ ፍሬኑን ብቻ ማመን ደግ አይደለም። ማዶ ያለውን ዳገት እንዴት እንደ ወጣው ለመናገር ግን ያስቸግረኛል፤ ምክንያቱም አልታወቀኝም። ተሳቢዎቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ቀሩ፤ ሞተሩ ጉሮሮውን እንኳ አልጠረገም። በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ያህል ናፍጣ ጠጣ፤ ለዚህ ቁመናው ብዙ አይባልም። አንድ ቅር ያለኝ ነገር ቢኖር መሪው ነው። በአንድ ጣት ይዞራል፤ ነገር ግን ጎማው ከመንገዱ የሰማውን ሁሉ ለእጅ አይናገርም።

ከጎንደር 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ አዘዞ አለ። እዚያ የባሕር ዳሩን መንገድ ትቶ ወደ ምዕራብ የታጠፈ ሰው ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ሱዳን ድንበር ይደርሳል። መጀመሪያ የሚያልፈው የጭልጋን አገር ነው፤ ዋና ከተማው አይከል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ጧት ጋቢ የሚያስደርብ ደጋ ነው። (በዚሁ በጭልጋ አፈር ውስጥ 27 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሆናቸው የዝሆን ዘመዶች አጥንት መገኘቱን ሊቃውንት በ1996 ዓ.ም. ጽፈዋል። ከኮረብታው በስተጀርባ እንዲህ ያለ ነገር ተኝቶ ሳለ አላፊው አሽከርካሪ የሚያየው የሻይ ቤቶቹን በር ብቻ ነው።) ከአይከል በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ነጋዴ ባሕርን አልፎ ገንዳ ውሃ ይደርሳል፤ ከዚያ ኮኪት፣ ከዚያ መተማ ዮሐንስ። ይህ ሁሉ ያን ጊዜ ሰሜን ጎንደር ይባል ነበር፤ ኋላ ከፊሉ ምዕራብ ጎንደር ተብሎ ራሱን የቻለ ዞን ሲሆን ዋና ከተማው ገንዳ ውሃ ሆነ።

መኪናው ከመሪው ፊት የውጭውን ሙቀት የሚያሳይ ቁጥር አለው። በአይከል 19 ይል ነበር። ቁልቁለቱን ስወርድ 24፣ ከዚያ 29፣ ከዚያ 33 አለ፤ ገንዳ ውሃ ስገባ 37 ሆነ። እኔ ግን ከውስጥ 22 ላይ ተቀምጫለሁ። ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ወርጄ፣ ከደጋ ወደ ወይና ደጋ፣ ከወይና ደጋ ወደ ቆላ አልፌ ያወቅሁት በቁጥር ብቻ ነበር። በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ነጠላውን ያወርዳል፣ ኮቱን ያወልቃል፣ መስኮት ክፈቱ አትክፈቱ ብሎ ይጣላል፣ ውሃ ይለምናል፤ ስለዚህ መተማ መድረሱን አካሉ ነግሮታል። እኔ የዕጣኑን ዛፍ፣ የግራሩን ደን፣ ጥቁሩን ሜዳ በመስተዋት ውስጥ እንደ ሲኒማ አየሁት። ያን ዕለት ይህን እንደ መኪናው ዋና ደግነት ቆጥሬ በማስታወሻዬ ላይ ጽፌው ነበር፤ አሁንም ገጹ አለ፤ አልሰረዝሁትም።

ይህ መንገድ ለምቾት ተብሎ የተጠረገ አይደለም። በነጋዴዎች ዘመን ቡናው፣ ሰሙና ማሩ ከደጋው በበቅሎና በአህያ ወደ መተማ ገበያ ይወርድ ነበር፤ ባሪያ የሚሆነውም ሰው በዚያው ይነዳ ነበር። በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች በዚህ በኩል ወጥተው ጎንደርን አቃጠሉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱንም ዘረፉ። በማግሥቱ ዓመት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ቆላው ወረዱ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ውጊያ ገጥመው፣ ድሉ ወደ ኢትዮጵያውያን ባዘነበለበት ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱና በማግሥቱ ዐረፉ። ሠራዊቱ ተበተነ። አስከሬናቸውን ይዞ የሚመለሰውን ወገን ደርቡሾች በአትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሱበት፤ የንጉሠ ነገሥቱንም ራስ ቆርጠው ወደ ኦምዱርማን ወሰዱት። ከተማይቱ መተማ ዮሐንስ የተባለችው በእርሳቸው ስም ነው። አትባራ የሚባለውም ወንዝ በእኛ አገር ጓንግ ሲባል የሚታወቀው ነው፤ ከዚያው ከጭልጋ በኩል ተነሥቶ ይወርዳል።

ከተማይቱን በእግሬ ነው ያየኋት፤ ለእንዲህ ያለ ግዙፍ መኪና የሚሆን መንገድ ያላት አንዲቱ ዋና ጎዳና ብቻ ናት። ዳር ላይ ባጃጁ፣ አህያው፣ የሰሊጥ ጆንያ የጫነው አይሱዙ ይጋፋል። ጎዳናው ሲያልቅ አጭር ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ ወዲያ ጋላባት ነው፤ ሱዳን። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና እንግሊዞች በተዋዋሉት የድንበር ውል ሁለቱ መንደሮች ለሁለት መንግሥት ሆኑ። በጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ፣ ኋላ ፊልድ ማርሻል የሆነው ብሪጋዴር ዊልያም ስሊም የሕንድ ጦሩን ይዞ በዚህ በኩል በኢጣልያኖች ላይ ዘመተ። ጋላባትን ያዘ፤ መተማን ግን አልያዘም። ይዟቸው ከመጡት ታንኮች አብዛኞቹ ሰንሰለታቸው በድንጋይና በፈንጂ ተሰብሮ እንደ ቆሙ ስሰማ ስለ ብረትና ስለዚህ ምድር ጠብ አንድ ነገር መማር ይገባኝ ነበር፤ አልተማርሁም።

በዚያ ቀን በድልድዩ ላይ የሚመላለሰው ሰው ወደ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ይስቅ ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ በዚሁ ድልድይ የሚሸሸው ሕዝብ በብዙ አሥር ሺሕ ተቆጥሮ ወደ መተማ ገባ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በአማራ ክልልም ውጊያ ስለ ተነሣ፣ እኔ ያለ ሥጋት የነዳሁትን መንገድ እንደ ሽርሽር ተነሥቶ መንዳት ቀረ። የምጽፈው እንግዲህ በ2007 ስለ ነበረው መንገድ መሆኑን አንባቢ ያስታውስልኝ።

አሁን ወደ ጭቃው ልምጣ።

ሰሊጥ የችኮላ እህል ነው። ፍሬው በእንቡጡ ውስጥ ሲደርስ እንቡጡ ከአናቱ ይሰነጠቅና ዘሩን መሬት ላይ ይበትነዋል፤ ስለዚህ ጥቂት ቀን የዘገየ ባለ እርሻ ሀብቱን ለወፍና ለጉንዳን ይሰጣል። አጫጁ ገና በአረንጓዴነቱ ያጭደውና እያሰረ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ይህን ክምር ሂላ ይሉታል። ዓይን እስከሚያይ ድረስ ሂላው እንደ ትንንሽ ጎጆ ተሰልፎ ቆሞ ይደርቃል። ይህን ሥራ የሚሠራው የአገሩ ሰው ብቻ አይደለም፤ ከበለሳው፣ ከጋይንቱ፣ ከደምቢያው በክረምት ለአረም፣ በጥቅምት ለአጨዳ እጅግ ብዙ ወጣት በጭነት መኪና ስፖንዳ ላይ ታጭቆ ይወርዳል። የሚያድረው እዚያው እርሻው ላይ፣ በዳስ ሥር ወይም በግራር ሥር ነው።

መሬቱ ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቅና ክንድ የሚያስገባ አፍ ይከፍታል፤ በክረምት አብጦ እንደ ሊጥ ይሆናል። እኛ የደረስነው በመካከሉ ነው። ከሁለት ቀን በፊት ዘንቦ ነበር፤ ላዩ ግን ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል። ከኮኪት ወጣ ብሎ ወዳለው እርሻ ስንሄድ የትራክተሩን ዱካ ትቼ በአቋራጭ ገባሁ። ወዳጄ «ተው» አለኝ፤ እኔ ግን አራት ጎማ ጎታች፣ ስምንት ሲሊንደር፣ ሁለት ቱርቦ እያልሁ በልቤ ስቆጥር ነበር። ሃምሳ ሜትር ያህል ሄድን። ቅርፊቱ ተሰበረ። ዝቅተኛውን ማርሽ አስገባሁ፣ ዲፈረንሻሉን ቆለፍሁ፣ ሞተሩም የተጠየቀውን ሁሉ ሰጠ፤ ነገር ግን ዋልካው የጎማውን ጥርስ ሞልቶ እንደ ዱባ ልሙጥ አደረገው። መኪናው በሆዱ ተቀመጠ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የመኪናው ነው የሚል ካለ ሐሰት ነው፤ በዚያ ሥፍራ ቀላሉ ባለ 70 ቁጥር ቢሆን ምናልባት ጥቂት ይቀለው ነበር፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን በዱካው መሄድ ነበር።

አጫጆቹ ማጭዳቸውን እየጣሉ መጡ። ዐሥራ አራት ነበሩ። ክሪኩ እየሰጠመ ስላስቸገረ ከሥሩ ሳንቃ አደረጉለት፤ የማሽላ አገዳና የግራር ቅርንጫፍ እያጨዱ በየጎማው ሥር ጎዘጎዙ፤ ከዚያ በኋላ ከኋላ ሆነው ገፉ። ሁለት ሰዓት ፈጀ። መኪናው ሲወጣ እልል ያለው አንዱ ልጅ «እኛ እኮ ባለሥልጣን ተቀርቅሯል ብለን ነው የሮጥነው» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ከሁለቱ ወንበሮች መካከል ትንሽ ማቀዝቀዣ አለች፤ አራት ጠርሙስ ውሃ ትይዛለች። አራቱን ጠርሙስ ለዐሥራ አራት ሰው ሳድል ስለ ማቀዝቀዣይቱ ያለኝ አድናቆት ቀነሰ።

ሌሎቹ ወደ ሥራቸው ሲመለሱ አንድ ሽማግሌ ቀሩ። ጭቃ የነካውን እጃቸውን በጭራሮ እየጠረጉ፦

«ጌታዬ፣ ከመንግሥት ነዎት?» አሉኝ።

«አይደለሁም፣ አባቴ። መኪናውም የእኔ አይደለም።»

«እንግዲያስ ይሻላል። ከመንግሥት ቢሆኑ አልጠይቅዎትም ነበር። የእኅቴ ልጅ እዚያ ዳሱ ሥር ተኝቷል። ሁለት ወር ሆነው። ወባ ነው ብለው ሁለት ጊዜ ክኒን ሰጡት፤ አልለቀቀውም።»

ልጁ ዕድሜው ሃያ ቢሞላ ነው። በሐምሌ ለአረም ከበለሳ ወርዶ ነበር። እጅና እግሩ ከስቶ አጥንቱ ይቈጠራል፤ ሆዱ ግን በግራ በኩል ተነፍቷል። ወዳጄ አየውና ምንም ሳይናገር ከኋላው ወንበር ላይ ያለውን ቦርሳና ወረቀት ሁሉ ወደ ዕቃ መጫኛው ወረወረ። ወንበሩ ነጣ ያለ ቆዳ ነው። እኛም፣ ሽማግሌውም፣ ልጁም ዋልካ በዋልካ ነበርን።

እንደ ተነሣን ልጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጋቢ ደረብንለት። ቅዝቃዜውን ከ22 ወደ 25፣ ከዚያ ወደ 28 አደረግሁት፤ አልሆነም። ሽማግሌው ከኋላ ሆነው «ጌታዬ፣ ይህ ነፋስ ከየት ነው የሚመጣው?» አሉ። አጠፋሁትና አራቱንም መስኮት ከፈትሁ። ውጭ የነበረው 37 በአንድ ጊዜ ገባ። ከእርሱ ጋርም የሰሊጡ ቅጠል ሽታ፣ የከሰል ጭስ፣ የትኩስ አፈር ሽታ፣ የአህያ ጩኸት፣ የአይሱዙ ጥሩምባ ገባ። መተማ ከወረድሁ አራተኛ ቀኔ ነበር፤ የመጣሁበትን አገር ያወቅሁት ግን ያን ጊዜ ነው። ልጁም መንቀጥቀጡን ተወና ተኛ።

እንግዲህ የመኪናውን ፈተና ያየሁት ከዚያ እስከ ጎንደር ባለው መንገድ ነው። ኋላ ወንበር ላይ አንድ የታመመ ሰው በጎኑ ተኝቶ፣ ራሱን በአጎቱ ጭን ላይ አድርጎ ይሄዳል፤ ስፋት ለዚህ ሲሆን ስፋት ነው። ጠመዝማዛውን ዳገት ሲወጣ አልዘለለም፣ አላንገጫገጨም፤ ሞተሩ ዝቅ ባለ ድምፅ እየጎተተ ሲሄድ ልጁ አንድ ጊዜም አልነቃም። በአንድ ኬላ ላይ ገና ሳንቆም ገመዱ ወረደልን፤ የወዳጄን ሰሊጥ የጫነው መኪና እዚያው ቦታ አንድ ሰዓት ሲፈተሽ እንደ ነበር ነገረኝ። ባለፈው ሳምንት ቢሆን በዚህ ነገር እናደድ ነበር፤ ያን ማታ ግን ዝም ብዬ እጄን አንሥቼ አለፍሁ። አይከል ስንደርስ መሸ፤ ቁጥሩ 16 አለ፤ መስኮቱን ዘጋንና ማሞቂያውን አበራን።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ ይህን በሽታ ብቻ የሚያክምና የሚመረምር ማዕከል አለ። በሽታው ካላዛር ሆኖ ተገኘ። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባለው፣ ከትንኝ የምታንስ በራሪ ናት። ቀን ቀን የምትጠለለው በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ ሥር ነው፤ ሲመሽ ወጥታ ሜዳ ላይ የተኛውን ትነክሳለች። ተውሳኩ በጣፊያና በጉበት ገብቶ ሰውየውን ቀስ እያለ ይጨርሰዋል፤ ያልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። የቆላው ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚነከስ ብዙው ይቋቋመዋል፤ ከደጋ የሚወርደው አጫጅ ግን ለዚህች ዝንብ አዲስ ሥጋ ነው። ሕክምናው 17 ቀን ነው፤ በየቀኑ ሁለት መርፌ። ሐኪሙ ይህን ሲነግረን ሽማግሌው «አሥራ ሰባት ቀን!» ብለው የጠፋውን የቀን ሒሳብ በጣታቸው ሲቈጥሩ አየሁ፤ የሰሊጡ አጨዳ ከዚያ በፊት ያልቃል። ወዳጄ ወደ ውጭ ጠራቸውና ተነጋገሩ። ምን እንደ ተነጋገሩ አልጠየቅሁም።

ስለ መኪናው የምፈርደውን ልናገርና ልጨርስ። ለአዲስ አበባ መንገድ ያለ ልክ ትልቅ ነው፤ ቁም ነገሩም ከሩቅ አገር መንገድ በቀር አይታይም። ለዋልካ ይከብዳል። ከነዳጅ ጋኑ፣ ከሞተሩ ጉልበትና ከኋላው ወንበር በቀር ሻጮች የሚመኩበት ነገር ሁሉ በዚያ ጉዞ አላገለገለኝም፤ እነዚያ ሦስቱ ግን በልጁ መንገድ ላይ ዋጋቸውን ሁሉ መለሱ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ማገዱን ካስታወቀ ወዲህ፣ ያለው ሰው እንደ ርስት ይዞታል ይባላል። የወዳጄ መኪና እስካሁን አለ። አዲስ አበባ እንደ ገባሁ ያጠቡት ልጆች ከሻንሲው ሥር ያለውን ዋልካ በመፈቅፈቂያ ሲፍቁ ግማሽ ቀን ዋሉ፤ የኋላው ወንበር ስፌት ውስጥ የገባው ግን አልወጣም።

በኅዳር መጨረሻ ሽማግሌው በሰጡኝ በአንድ ባለ ሱቅ ስልክ ወደ በለሳ ደወልሁ። ሰውየው ሄዶ እስኪጠራቸው ጠበቅሁ።

«ልጁ ድኖ ገባ» አሉኝ። «እንጀራ ጀምሯል። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ጌታዬ።» ጥቂት ዝም አሉና፦ «ያች መኪናስ ደኅና ናት?»